ለዳኛው የመለሰችው

አዲ 2፣ ረቡዕ

ፊልሙ ዓርብ ይገባል! ወንድሜ ጋሼ ዳንዳፓኒ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ በር ላይ ቆሞ ነገረኝ። ሳጥኖቹ ከማዱራይ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭነው ደርሰዋል፤ ተሸክሞ ያስገባቸው ራሱ ነው። እሱ የቱላሲ ሲኒማ ፊልም አጫዋች ስለሆነ በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ወሬ ከእኔ ቀድሞ የሚደርሳት ሴት የለችም። ሌላ ምን አለኝና!

ስሙ «ጋኔኑ ይመስክር» ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ጋኔን! ጠበቃ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ጋኔን አስወጣለሁ ብሎ ልጅቷን ሊገድላት ነበር የተባለ ሽማግሌ ካህን አለ። ማስታወቂያው ላይ ልጅቷ የምስክር ሳጥን ውስጥ ቆማለች፤ ዓይኗ ነጩ ብቻ ነው የሚታየው። እሱን እያሰብኩ የምስር ወጡን፣ ሳምባሩን፣ አሳረርኩት።

እማ «ጋኔን ለማየት ደግሞ ሩፒ ይከፈልበታል?» አለች። «እዚሁ ቤታችን አለልሽ አይደል፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ስንቀልበው!»

እትዬ ማራጋታምን ነው፣ የወንድሜን ሚስት። በስድስት ዓመት አልወለደችማ! እትዬ ቀና እንኳ ሳትል ዳጉሳውን መፍጨቷን ቀጠለች። እኔ እንደሆንኩ ጥሩ ጥሩው መልስ የሚመጣልኝ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው።

አዲ 3፣ ሐሙስ

አጎቴ ሶካሊንጋም መጣ፣ የእማ ወንድም። ሆዱ ይቀድማል፣ እሱ ይከተላል።

«ልጅቷን አግኝቻታለሁ» አለ ለእማ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት። «እናቷ ሰባት ወልዳለች። ዘር ነው ይኼ፣ ዘር! አዲ ይውጣ እንጂ በተከታዩ ወር፣ በአቫኒ፣ እንደግሳለን። ይቺን ወደ አባቷ ቤት መሸኘት ነው።»

በአዲ ወር ሠርግ የለም፤ ወሩ የአገራችን ጠባቂ አምላክ፣ የእመቤታችን የሙታላማን ነው። የእሷ ባይሆን ኖሮ እትዬ ነገ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ነበረች።

ጋሼ ሩዙን ይበላል። «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲሉት «እማ እንዳለች» አለ። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ አንዳንዴ ግን በያዘው ሳህን አናቱን ብለው ደስ ይለኛል።

እትዬ ከምድጃው ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ኋላ ዕቃ ስናጥብ «አባቴ ቤት ያለችው አንዲት ክፍል ናት፤ ወንድሞቼ ከነሚስቶቻቸው ታጭቀውባታል። እኔን የት ያስተኙኛል?» አለችኝ። አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ የማላፍር።

አዲ 4፣ ዓርብ

አየሁት! አየሁት! አየሁት!

በሴቶቹ ወረፋ ክርን ለክርን ተደቋቁሰን ገባን። የሳሪዬ ጫፍ ተቀደደ፣ የጸጉሬ ጃስሚን ተረጋገጠ፣ ግድ የለኝም። እትዬን ጎትቼ ነው የወሰድኳት። መጀመሪያ ቤተ መቅደስ ደርሰን፣ የእመቤታችን ዛፍ ኒሙ ሥር ሰግደን፣ የዳጉሳውን አጥሚት ጠጥተን ነው የሄድነው፤ እመቤታችን ራሷ ምስክሬ ናት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ሌሊት ሌሊት ታጓራለች። ቤተሰቦቿ ወደ ሽማግሌው ይወስዷታል። እሱ መድኃኒቷን አስጥሎ ይጸልይላታል፤ ልትሞት ስትል ሐኪም ያተርፋታል፤ ሽማግሌው ይከሰሳል። ሐኪሙ ቆሞ «የነርቭ በሽታ ነው» ሲል፣ ልክ ነው አልኩ። ሽማግሌው ተነስቶ «አንተ ደም ሥሯን አየህ፣ እኔ ዓይኗን አየሁ» ሲል፣ እሱም ልክ ነው አልኩ። ከኋላዬ አንዷ «አንቺ ደግሞ፣ አንዱን ያዢ!» ብላ ጎነጠችኝ። ጮክ ብዬ ነበር ለካ የማወራው።

ከዚያ ልጅቷን ራሷን አመጧት። መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። ዳኛው መነጽሩን አወለቀና «በዚህች ልጅ ውስጥ ያለኸው ማነህ? ተናገር!» አለ። ዝም። ሁለተኛ ጠየቀ። ዝም። ሦስተኛ ሲጠይቅ ልጅቷ ቀስ ብላ ቀና አለችና እኛን አየችን። እኛን! ሙዚቃ የለ፣ ኮሽታ የለ፣ ሲኒማው ሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። ከዚያስ? «ዕረፍት» የሚል ጽሑፍ መጣ! እንዲህ ያለ ግፍ አለ? ከዕረፍት በኋላም መልሱን አይነግሩንም። ሽማግሌው ይታሰራል። መጨረሻ ላይ ግን ዳኛው ብቻውን ሲቀር የልጅቷን የክታብ ክር ከኪሱ አውጥቶ የራሱ አንጓ ላይ ያስራል! ጮኽኩ፣ ሰው ሁሉ ጮኸ።

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ «ዳኛው ሦስት ጊዜ ነው የጠየቀው፣ አይደል ሼንባ?» አለችኝ።

«ሦስት ጊዜ ነው።»

«ከሦስተኛው በኋላ ያለው ጸጥታ ረዘመ።»

ፊልም እንዲህ የገባው ሰው አላየሁም።

አዲ 7፣ ሰኞ

ጊዜ የለኝም፣ የልብስ ቀን ነው። ሁለቴ ደግሜ አየሁት፤ ጋሼ በጓሮ በር ያስገባናል። እትዬም ሁለቴ። እማ ተቆጣች።

ከወፍጮው ድንጋይ ጀርባ ወፍራም ድምፅ ሰማሁ፤ የሚቆጣ ሰው ድምፅ። ስደርስ እትዬ ብቻ ናት። ጉንፋን መስሎኝ ዝንጅብል አፈላሁላት። «ምን ሆኜ?» አለችኝ። ድምጿ ደህና ነው። ጠጣችው ግን።

አዲ 11፣ ዓርብ

እመቤታችን ወረደች! ወንበራችን ላይ! እኔ ጎን!

ከመጀመሪያው ልጻፍ። ዛሬ እማም መጣች፤ ጎረቤት ሁሉ ሄዶ እሷ ልትቀር ነው? እትዬ ከመተላለፊያው ዳር ልቀመጥ አለች። ጸጉሯን ጠቅልላዋለች እንጂ ፒን አላደረገችበትም፤ ቸኩላ ይሆናል። ዳኛው አንድ ጠየቀ። ሁለት ጠየቀ። ሦስተኛውን «ማነህ? ተናገር!» ሲል፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከጎኔ፦

«እኔ ነኝ!»

አምላኬ! የእትዬ ጸጉር ወገቧ ድረስ ተዘረገፈ። ትወዛወዛለች፣ ጥርሷ ይፋጫል። «እኔ ነኝ! የዚህ አገር እናት ነኝ! ዳኛው ማን እንደሆንኩ ጠየቀ፣ እናንተ ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ?» ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አንዷ ሮጣ የኒም ቅርንጫፍ አመጣች፣ አንዷ እርድ የተበጠበጠበት ውሃ እግሯ ላይ አፈሰሰች። ወንዶቹ ወንበር ላይ ቆመው ያያሉ። ማያው ላይ «ዕረፍት» የሚለው በርቷል፤ ማን ወጥቶ!

«ራበኝ!» አለች። «ምራት ከሁሉ ኋላ የምትበላው በማን ቤት ነው? የድስት ጥፍጣፊ የምትፍቀው ልጄ ናት! የእሷ ረሃብ የእኔ ረሃብ ነው!»

እማ ዘፍ ብላ እግሯ ሥር ወደቀች። እማ! «ይቅር በይን እናቴ፣ ሳናውቅ ነው» እያለች። እውነቴን ነው፣ እኔም አለቀስኩ፤ ደስ ይለኝ ይሁን ልፍራ አላውቅም።

ማታ እማ ራሷ አስቀድማ ለእትዬ አወጣችላት፤ ቅቤ በላዩ ላይ ሁለት ማንኪያ። እትዬ ምንም አላስታውስም ትላለች። ጥርግ አድርጋ በላችው።

አዲ 13፣ እሑድ

ቅቤው አንድ ማንኪያ ሆነ። እማ «እመቤቲቱ በልታለች፤ ማጠቡ ግን የማራጋታም ነው» አለች። ከሳቄ ጋር ታግዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ እትዬ እዚያው ነበረች፣ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ስታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ስታየኝ አቆመች። እኔ ምንም አላየሁም።

አዲ 16፣ ረቡዕ

ከተማው ሌላ ወሬ የለውም! ቧንቧው ጋ የሰማሁት፦

«ዓርብ ከሦስት መንደር በበሬ ጋሪ ይመጣሉ አሉ።»

«ፊልሙስ?»

«የምን ፊልም፣ ለዕረፍቱ ነው እንጂ!»

ባለ ሲኒማው በሩ ላይ ኒም አሰቅሏል፣ የእርድ ውሃ በጋን አስቀምጧል፣ ለእትዬ የተለየ ወንበር አዘጋጅቷል። ጋሼን «ሚስትህ የቤቱ በረከት ናት» አለው። ጋሼ ሲነግረን ጆሮው ቀላ። እትዬን አያት። እውነት ለመናገር፣ ቀና ብሎ ካያት ብዙ ጊዜው ነው።

አንዲት አስተማሪ ግን ቧንቧው ጋ «ይኼ እኮ የሚታከም ነገር ነው» አለች። አንዷ «ውሃሽን ቅጂና ሂጂ» አለቻት። እኔ የፊልሙ ሐኪም ትዝ አለኝ። ስንት ጊዜ እንዳየሁት ጠፍቶኛል፤ በየጊዜው አንዴ ለሐኪሙ፣ አንዴ ለሽማግሌው እፈርዳለሁ። እንኳን ዳኛ ሆኜ አልተፈጠርኩ!

አዲ 18፣ ዓርብ

ጉድ! ጉድ! ጉድ ነው የፈላው!

ዳኛው ሦስተኛውን ሲጠይቅ እመቤታችን ከች አለች። ዛሬ ለሴቶቹ አልነበረም። ዞራ ወደ ላይ አየች፣ ብርሃኑ ወደሚወጣበት ወደ ማጫወቻው ክፍል ቀዳዳ። ጣቷን ቀሰረች።

«አንተ በቀዳዳ የምታይ! ልጄን ስድስት ዓመት በየቤተ መቅደሱ አዞራችኋት፣ ክር አሰራችሁባት፣ አስጾማችኋት። አንተስ? አንድ ቀን ሐኪም ፊት ቆመሃል? ወይስ ችግሩ ምንጊዜም የሴት ሆድ ነው? ሂዱ! ሁለታችሁም ሂዱና ተመርመሩ!»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ! ወንዶቹ በኩል አንዱ «እሰይ እናቴ፣ ንገሪው!» ብሎ አፏጨ። ከዕረፍት በኋላ ፊልሙ ደብዝዞ ነበር የሚታየው፤ ጋሼ ሌንሱን ማስተካከል አቅቶት መሆን አለበት። ሕዝቡ እንኳ አልጮኸበትም።

ማታ ጋሼ እራቱን አልበላም። እትዬ «ዛሬስ ምን አልኩ?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ይገርማል!» አለች፣ ሩዙን እየለቀመች።

አዲ 20፣ እሑድ

አጎቴ መጣ፣ በንዴት ላብ በላብ ሆኖ።

«ከመቼ ወዲህ ነው እመቤት ወደ ሐኪም የምትልከው?» አለ። «የራሷን ሥራ ጥላ? እኔ ሙታላማንን ከእናንተ ሁሉ በፊት አውቃታለሁ። ዓርብ በሕዝብ ፊት ካምፎር አነድባታለሁ።»

እማ «ከሆነችስ?» አለች፣ በቀጭን ድምፅ።

«ከሆነች እኔ ራሴ እግሯ ሥር እወድቃለሁ። ካልሆነች ግን በዚያው ምሽት ዕቃዋን ጠቅልላ ትውጣ! በአቫኒ መባቻ ሠርግ ነው።»

ካምፎሩን፣ ያን በቤተ መቅደስ እንደ ዕጣን የሚነደውን ነጭ ቁራሽ፣ ባዶ መዳፍ ላይ አስቀምጠው ክብሪት ይጭሩበታል። እመቤቲቱ በእውነት ያለችበት እጅ ነዶ እስኪያልቅ ንቅንቅ አይልም፤ አያቶቻችንም እንዲሁ ሲፈትኑ ኖረዋል። እጅ ከተንቀጠቀጠ ውሸት ነው።

ጋሼ አሁንም «እማ እንዳለች» አለ። ግን ዓይኑ ሳህኑ ላይ አልነበረም።

አዲ 22፣ ማክሰኞ

ወጥ ቤት ስገባ እትዬ መዳፏን ፍም ላይ ዘርግታ ቆማለች። ከንፈሯን ነክሳለች። ስታየኝ እጇን ከሳሪዋ ሥር ደበቀች።

«እንፋሎት ነክቶኝ ነው።»

ድስቱ እንኳ አልተጣደም። የኮኮናት ዘይት አምጥቼ ቀባኋት፤ ሁለት ቦታ ውሃ ቋጥሯል። እኔ ምንም አላየሁም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ያንን ፊልም ካላየሽ ብዬ ማን ጎተታት? «እትዬ፣ ዓርብ አንሂድ። አሞኛል በያቸው» አልኳት።

«ካልሄድኩ በሌለሁበት ይፈረድብኛል» አለች። ቀጥላ ሳቅ አለችና፣ «እመቤታችን ከመጣች ደግሞ ምን ያስፈራኛል?» አለች።

ከመጣች። «ከ» አለች። እኔ ሞኝ፣ ይኼን ስጽፍ ነው የታወቀኝ። አልጋዬ ላይ ተነስቼ ተቀመጥኩ። ለእመቤታችን እየለመንኩ ነው፦ እናቴ፣ መጥተሽ የማታውቂ ከሆነም፣ ለአንድ ዓርብ ብቻ ነይላት። ወርሽ እኮ ነው!

አዲ 25፣ ዓርብ

እጄ። ዛሬ አልችልም።

አዲ 27፣ እሑድ

በግራ እጄ ነው። ፊደሎቼ የሰከሩ ይመስላሉ፤ ግን ካልጻፍኩ እፈነዳለሁ!

ሲኒማው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ደረጃው ላይ ሰው፣ መስኮቱ ላይ ሰው። አጎቴ የነሐስ ትሪ ይዞ መተላለፊያው ላይ ቆሟል፣ ካምፎሩ ትሪው ላይ እንደ ስኳር ተከምሯል። ዳኛው አንድ ጠየቀ። ሁለት ጠየቀ። ሦስት።

እትዬ ተነሳች። «እኔ ነኝ» አለች። ድምፁ ቀጭን ነበር፣ የራሷ የእትዬ።

አጎቴ «እመቤቴ ከሆንሽ እጅሽን ዘርጊ!» አለ። ዘረጋች። ከሁሉም ትልቁን ቁራሽ መርጦ ያ ውሃ የቋጠረው መዳፏ ላይ አስቀመጠ። ክብሪቱን ጫረ። ካምፎሩ እንደ ተያያዘ ጣቶቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ዞራ እኔን አየችኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አላስታውስም። ሴቶቹ የነገሩኝን ነው የምጽፈው።

አጓራሁ አሉ። ጸጉሬ ተዘረገፈ አሉ። ያን ቀን ፒን አላደረግኩም ነበር፣ ቸኩዬ ይሆናል። የሚነደውን ካምፎር ከእትዬ መዳፍ ነጥቄ በራሴ መዳፍ ያዝኩት። «ብቻዬን መጣሁ ያለህ ማነው?» አልኩት አሉ አጎቴን። «አንዷን ልጄን ስትፈትን ሌላዋን አላየህም?» ነዶ እስኪያልቅ እጄ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ከትሪው ሌላ አንስቼ፣ «አሁን ያንተ ተራ ነው! ልጄን ከቤቷ ልታስወጣ የተማከርክበትን እጅ ዘርጋ!»

አጎቴ ወደ ኋላ አለ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ። ትሪው ጧ ብሎ ወደቀ። ከዚያ በወንዶቹ በር እግሬ አውጪኝ! ሆዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ ቀረ። አንድ እግር ጫማው እስከ ዛሬ ሲኒማው ውስጥ ነው፤ ባለ ሲኒማው ኒሙ አጠገብ ሰቅሎታል። እልልታው፣ ፉጨቱ፣ ጭብጨባው! በኩርኩም ስትለኝ የኖረችው እማ እግሬ ሥር ተደፍታ «እናቴ፣ እናቴ» ትላለች።

«ዕረፍት» የሚለው ጽሑፍ አልመጣም፤ የሚያበራው ጋሼ ነዋ። ማያው ነጭ ሆነ። ጋሼ ፊልም እየሄደ ከዚያ ክፍል ወርዶ አያውቅም፤ በደረጃው ቁልቁል እየዘለለ መጣ፣ የፊልሙ ጥቅል ማለቁን እንኳ ሳያይ። ከጋኑ ቀድቶ እጄ ላይ የእርድ ውሃ አፈሰሰ። ከዚያ የእትዬን እጅ ያዘ። ገለበጠው። ያን የቆየ ቃጠሎ አየው፣ ረዥም ጊዜ አየው። እሷ ላይም አፈሰሰ። ቀና ብሎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፦

«እማ፣ ሰኞ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፣ ሁለታችንም። ልጅ ተገኘም አልተገኘም ሚስቴ ይቺ ናት። ሌላ ወሬ እንዳልሰማ።»

ወንድሜ! «እማ እንዳለች» ሳይል! ይኼንን ግን አስታውሳለሁ፤ ሲናገር የእትዬን እጅ አልለቀቀም ነበር።

አዲ 28፣ ሰኞ

በጠዋቱ አውቶቡስ ሄዱ። እማ ለመንገድ የሚሆን ሩዝ ቋጠረችላቸው፣ መጀመሪያ የእትዬን። አጎቴ አሞኛል ብሎ ቤቱ ነው። ፊልሙም ሐሙስ ይወርዳል፤ ቀጥሎ የሚገባው የፍቅር ነው አሉ። ያ ዳኛ ይናፍቀኛል።

ከመሄዷ በፊት እትዬ እጄን ፈትታ ቀባችው፣ በንጹሕ ጨርቅም መልሳ ጠቀለለችው። ማንም አልነበረም።

«እውነቱን ንገሪኝ ሼንባ» አለች በቀስታ። «ማን ነበር የመጣብሽ?»

«አላስታውስም» አልኳት። «አንቺስ?»

«እኔም አላስታውስም።»

ተያየን። ከዚያ ሳቅ አፈነን፣ እማ እንዳትሰማ ሳሪያችንን አፋችን ውስጥ ወትፈን ሳቅን፣ እስክናለቅስ። ጋሼ ከውጭ «አውቶቡሱ ደርሷል!» ብሎ እስኪጣራ ድረስ።

አሁን ቤቱ ጭር ብሏል። እዚህ ለራሴ ብቻ ልጻፈው። ካምፎሩ አቃጥሎኛል። እመቤታችን ካለችበት አይሰማም ይላሉ፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሰምቶኛል፣ አጥንቴ ድረስ። እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ይዞ ያቆመልኝ ማን እንደሆነ ግን፣ ዳኛው ሦስት ጊዜ ቢጠይቀኝም መልስ የለኝም።